የማሾው ነበልባል

ይልማ የተገኘው ማሾ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ከተቀደደው ጆንያ የፈሰሰችው አረንጓዴ ጥራጥሬ ጸጉሩ ውስጥ፣ ጆሮው ውስጥ፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሳይቀር ገብታለች። የሸዋ ሮቢት ገበሬ ማሾ ሸጦ ልጅ ይድራል፣ ማሾ ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፤ ማሾ ላይ የተገደለ ሰው ግን እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ አልነበረም። ማጅራቱን የተመታበት የአምስት ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ከሁለት ኪሎውና ከአሥር ኪሎው መሀል በቦታው ቆሟል። እሱ መሆኑ የታወቀው ከሌሎቹ ሁሉ ንጹሕ ስለነበረ ነው። ገዳዩ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር።

ኢንስፔክተር ትዕግሥት ረቡዕ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል። ስሟ ትዕግሥት ነው እንጂ ትዕግሥት የላትም። አንድ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተቀምጣ ያያት ባልደረባ የለም። ቆማ ትበላለች፣ እየተራመደች ትጠይቃለች፤ የእስክሪብቶዋን አናት ቀጭ ቀጭ ስታደርግ መስማት የመረራቸው ተጠርጣሪዎች ሳይጠየቁ ተናዘዋል ይባላል። የተወለደችው ሸዋ ሮቢት ባለችበት በቀወት ወረዳ ስለሆነ ሙቀቱ አይደንቃትም። አብሯት የተመደበው ሳጅን ፍቅሩ ግን የደብረ ሲና ሰው ነው። ቆላ ከወረደ ስምንት ወሩ ሲሆን ስምንቱንም ወር አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥሎ አሳልፏል።

«ሐኪሙ ስለ ሰዓቱ ምን አለ?» አለች መጋዘኑን እየዞረች።

«ሙቀቱን ጠይቁት አለ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቆርቆሮ ሥር ነው የነበረው። ሬሳው ከኔ ይሞቅ ነበር። ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አታስዋሹኝ ብሏል።»

«ታዲያ የጣቢያው ኮማንደር ከስምንት በኋላ ነው የሚለው በምን አውቆ ነው?»

«ሟቹ ራሱ ነግሮት ነዋ» አለ ሳጅኑ፤ ስልኩንም አወጣ።

ይልማ ጦማሪ ነበር። «የቆላው ድምፅ» በሚለው ገጹ ስለ ማንጎ በሽታ፣ ስለ ወንዝ ሙላት፣ ስለ ሚኒባስ ረዳቶች ጠባይ ይጽፋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያግዘዋል፤ ከተማው ባጭሩ «ማሽኑ» ይለዋል። ይልማ ስልኩን ይዞ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያወራል፤ ማሽኑ ገጽ ሙሉ ይጽፋል፤ ሩዋይዳ የምትባለው አራሚው ማሽኑ ያጣመመውን ታቃናለች፤ ከዚያ አረንጓዴው ቁልፍ ይጫናል፤ ከካራቆሬ እስከ ደብረ ሲና ያለ ሰው ያነባል። ቢሯቸው የጋሽ ደምሴ መጋዘን አንዱ ጥግ ነው፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዞር ማራገቢያ፣ ዙሪያውን የማሾ ጆንያ።

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠርጎ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ከአሥር የወጣውን የመጨረሻ ጽሑፍ አነበበ።

«‹ይልማ ነኝ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሩዋይዳን እጠብቃለሁ። ተቀያይመናል። ማሾው ከጎኔ ነው። ነበልባሉ ሲወዛወዝ ጥላዬም ግድግዳው ላይ አብሮት ይወዛወዛል። ሰው ሲቀየምህ ብርሃንም ይከብዳል።› አለቀ። ከሥሩ ሁለት ሺህ ሰው አስተያየት ሰጥቷል። ‹ማሾን በነበልባል መመሰል! ሞቱን አውቆት ነበር› ይላል አንዱ።»

ይልማ በሕይወት ሳለ «ማሽን ነው የሚጽፍልህ» እያለ ሲሰድበው የኖረ ሕዝብ በሞተ በማግሥቱ ቅኔውን ይፈታለት ጀምሯል።

የኮማንደሩ ስሌት ቀላል ነው። ይልማ በስምንት ከአሥር በሕይወት ነበረ። በስምንት ከሩብ ሩዋይዳ መጋዘኑ በር ላይ መቆሟን ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሴት አይታለች። ሩዋይዳ ቁልፍ አላት፣ ተጣልተዋል፣ ሟቹም እየጠበቃት መሆኑን ለሁለት ሺህ ሰው ተናግሯል። ሌሎቹ የይልማ ወዳጆች ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ሰው ሞቶ በተተከለ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በአሥር ሰዓት መጋዘኑን ከፍተው ሬሳውን ያገኙት፣ የሟቹንም ስልክ ከጆንያ ሥር አውጥተው ለፖሊስ የሰጡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት መኪናው ሩዋይዳን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል፤ በማግሥቱ በሰው መግደል ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

ትዕግሥት ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ሆኗል። የሆነ ነገር ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁራታል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልያዘችውም። ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አየች፦ «ማሽኑ የሚስታቸው»። ከዝርዝሩ አናት በቀይ «ማሾ!!! ሁልጊዜ ይታይ» ተብሎ ተጽፏል። ማስታወሻዋ ላይ ገልብጣ ያዘችው።

ሩዋይዳ ጣቢያ ውስጥ የሰጠችውን ቃል በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታርማለች።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አለች ቀና ሳትል።

«እኔ ነኝ» አለ ሳጅኑ።

«‹ተጠረጣሪ› አይባልም፤ ‹ተጠርጣሪ› ነው። እዚህ ጋም አራት ነጥብ ጎድሏል። ወላሂ በስህተት ልታሰር እችላለሁ፤ በተሳሳተ ፊደል ግን አልታሰርም።»

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነው። ትዕግሥት በጠባቧ ክፍል ሦስት እርምጃ ወዲያ ሦስት እርምጃ ወዲህ እያለች ጠየቀቻት።

«በምን ተጣላችሁ?»

«‹ለአንባቢ ሁሉንም እናገራለሁ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ› አለ። ይህን ካልህ የሚያነብልህ አታገኝም አልሁት። ጠዋት በስልክ ነው። እኔ ካራቆሬ አክስቴ ጋ ነበርሁ። ‹ስምንት ሰዓት ነይና አሳይሻለሁ፣ ትወጂዋለሽ› አለኝ።»

«ስንት ሰዓት ተነሣሽ?»

«ስድስት ሊሆን ሲል ሚኒባስ ያዝሁ። ስምንት ሊሆን ሲል ገባሁ። አሥራ ስድስት ሰው ነበርን፤ ሁለቱ መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሱ ነው የመጡት፤ አይረሱኝም።»

«መጋዘኑ ጋ ስትደርሺ?»

«አንኳኳሁ። ዝም። ቁልፍ ነበረኝ፤ ግን የተቀየመ ሰው በር ዘግቶ ሲቀመጥ ቁልፍ አለኝ ተብሎ አይገባም። ተመለስሁ። ብገባ ኖሮ…»

«የመጨረሻውን ጽሑፍ አየሽው?»

«በምን አያለሁ? ኔትወርክ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ሲመጣ ነው የዋለው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲይዙኝ ደግሞ ስልኬን ወሰዱት። እየጠበቀኝ እንደነበር ኮማንደሩ ነገሩኝ። እንደሱ ሳላርመው የወጣ ጽሑፍ ኖሮ አያውቅም።»

«የይልማን ስልክ መክፈቻ ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ኸይረዲን፣ ጋሽ ደምሴ። ጣትሽን እንዲህ ማስኬድ ነው።» ጠረጴዛው ላይ ሣለችላት። «ሁላችንም በሱ ስልክ ነው ከማሽኑ ጋር የምናወራው። እኔ አንቺ ነው የምላት፤ ድምፅዋ የሴት ነው። ይልማ ግን ‹ጻፍ! ቁረጥ! ድገም!› እያለ እንደ በሬ ይነዳዋል።» ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

«ጋሽ ደምሴስ?»

«‹የደምሴ ወግ› የሚል ዓምድ አላቸው። የገጹ እናት አባት እሱ ነው። እሑድ በአዳራሽ ሊሸልሟቸው ነው፤ መድረክ ላይ ያነባሉ። እሳቸው ያወራሉ፣ ማሽኑ ይጽፋል፣ እኔ አርሜ አሳያቸዋለሁ። አየት አርገው ‹ጥሩ ነው ልጄ› ይላሉ። እንደሳቸው የማያስቸግር ጸሐፊ አይቼ አላውቅም።»

ኸይረዲን ፎቶ አንሺ ነው፤ ከይልማ ጋር ገጹን አብረው ጀምረው ከሁለት ወር በፊት ተለያይተዋል። ሱቁ መብራት ስለጠፋበት በር ላይ ቁጭ ብሎ በካርቶን ያራግባል።

«አዎ፣ ተቀይሜው ነበር። ነፍሱን ይማርና» አለ ማንም ሳይጠይቀው። «ማሽኑ መጻፉ አልበቃ ብሎ ሥዕልም ይሥራ አለ። እሺ አልሁ። ‹ማሾ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል› ለሚል ጽሑፍ የሠራውን ሥዕል ብታዪ! ከተማው አንድ ወር ሳቀብን። ደግሞ ሥር ላይ ‹ፎቶ፦ ኸይረዲን› ይላል! ያን ቀን ወጣሁ፤ ገጹንም ከስልኬ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አላነበብሁም።»

«ምንድን ነበር ሥዕሉ?»

«መብራት ሲመጣ ከኮምፒዩተር አውጥቼ አሳይሻለሁ። በቃል ሲነገር አያስቅም።»

«ትናንት ከሰባት እስከ አሥር ለቅሶ ነበርህ?»

«ጀርባዬ እስኪነቃ። ጋሽ ደምሴ ከፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበሩ፤ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ስልካቸውን ብቻ አንድ ሁለቴ በነጠላቸው ሥር ሲነካኩ አይቻቸዋለሁ። ሱሱ ለሽማግሌም ደረሰ ብዬ በልቤ ሳቅሁ።»

«አንዱ ሽማግሌ እየተናገረ?»

«ጸጥ ተብሎ። ዝንብ ሲበር ይሰማል። ያኔ ስልኩ ቢጮህባቸው አገር ለቀው ይሄዱ ነበር።»

ትዕግሥት እስክሪብቶዋን ሁለቴ ቀጭ አደረገች፤ ምንም አልጻፈችም። ወዲያው ወደ መኪናው ሄደች፤ ሳጅኑ ፎጣውን ይዞ ሮጠ።

ጋሽ ደምሴ ስልሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ማሾና ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሰው «ደራሲው» ይላቸዋል። በረንዳቸው ላይ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ተቀምጠዋል። ብድግ ብለው እጅ ነሡ።

«ግቢ ልጄ። ተቀመጪ።»

«ይቆየኝ ጋሼ። ለስምንት ሰዓት ሁላችሁንም መጋዘን እፈልጋችኋለሁ፤ መጥሪያው ይኸው።»

ወረቀቱን ተቀብለው በአክብሮት አጠፉት። «ምን ይላል ልጄ? መነጽሬ እልፍኝ ቀርቷል።»

መነጽራቸው የሸሚዛቸው ኪስ ላይ ተሰክቷል። ትዕግሥት ነገረቻቸው። ያኔ ስልካቸው ጠራ፤ የስልኩ መስኮት ላይ የአንድ ራስ ሽንኩርት ፎቶ ብቅ አለ።

«የአታዬው ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ይቆይ» ብለው ዘጉት።

«ይልማን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ረፋድ ላይ። ሲሠራ ትቼው ወደ ለቅሶ ሄድሁ። ልጄ ነበር እኮ። እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው።»

«ለቅሶው ላይ ስልክ ይዘው ነበር?»

«ኧረ ነውር ነው! እቤት ቻርጅ ላይ ትቼው ነው የሄድሁት።»

«ወግዎን ሰምቻለሁ፤ ያምራል። እንዴት ነው የሚጽፉት?»

ፊታቸው በራ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ እናገራለሁ እንጂ። የሚያሳምሩት እሳቸው ናቸው።»

«ይልማ?»

«አይ፣ ማሽኑ። ይህን ሁሉ ፊደል ያወቀ ነገር አንተ አይባልማ።» ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ወረዱት። «‹ወንዝ ሲሞላ ድልድዩን አይጠይቅም፤ እኛ ግን ስንሻገር ወንዙን ረስተን ድልድዩን እናመሰግናለን…›»

ሳጅኑ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ትዕግሥት የበረንዳውን ጠርዝ በእግሯ እየለካች ነበር።

ሲመለሱ የጭነት መኪና ሰልፍ መንገዱን ዘግቶ አቆማቸው። አቧራው በመስኮት ይገባል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ትዕግሥት መሪውን በጣቶቿ ትደበድባለች።

«እኔ ግን ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ፣ ዝምታው ከብዶት፣ «ያ የመጨረሻ ጽሑፉ ልቤን ነካው። ልጅ ሆነን፣ ደብረ ሲና መብራት ሳይገባ፣ ማሾ ነበረን። እውነቱን ነው፤ ነበልባሉ ሲወዛወዝ ጥላችን ግድግዳው ላይ ይደንስ ነበር።»

የጣቶቿ ድብደባ ቆመ።

«ሳጅን፣ ማሾ ምንድን ነው?»

«ፋኖስ ነዋ። በጋዝ የሚበራው።»

«እዚህ ስምንት ወር ሲኖሩ፣ ሰው ‹ማሾ ዘራሁ› ሲልዎት ምን ይመስልዎት ነበር?»

«እሱማ ሌላው ማሾ ነው፤ ጥራጥሬው። እኔ ደግሞ ያ የሚለው…» ሳጅኑ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። «ቆይ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው የቱ ነው?»

«ጥራጥሬው። ሦስት መቶ ጆንያ። ፋኖስ ግን አንድም የለም፤ ያውም በቀትር።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስታ አልነበረውም። «እኔም ቅኔ መስሎኝ ነበር። ቅኔ አይደለም። አለማወቅ ነው። የይልማን ስልክ ይስጡኝ።»

ሩዋይዳ እንዳሳየቻት ጣቷን አስኬደች፤ ከማሽኑ ጋር የተደረገውን ንግግር ሁሉ ከታች ወደ ላይ አነበበች። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳትነቃነቅ መቀመጧን ሳጅኑ በኋላ ለጣቢያው ሰው ሲናገር ማንም አላመነውም።

በስምንት ሰዓት ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቆርቆሮው ይንቋቋል። ኮማንደሩ ሰዓቱን ያያል፤ ውጭ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ጋሽ ደምሴ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ኸይረዲን የታጠፈ ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሩዋይዳ በሁለት ፖሊስ መሀል ናት፤ የፈሰሰውን ማሾ ላለመርገጥ እግሯን ሰብስባለች።

«ሩዋይዳ» አለች ትዕግሥት፣ «እስካሁን ማንም ያላሳየሽን ነገር አንብቢልን።»

ሩዋይዳ ስልኩን ተቀብላ ጮክ ብላ ጀመረች። «‹…ማሾው ከጎኔ ነው። ነበልባሉ ሲወዛ…›» ቆመች። «ይህን ማነው ያወጣው?»

«ይልማ ነዋ» አለ ኮማንደሩ።

«ሞቼ እገኛለሁ! ይህቺ የማሽኑ ስህተት ናት። ማሾ በተባለ ቁጥር ፋኖስ ይመስላታል። ግድግዳው ላይ በቀይ ጽፈነዋል እኮ!»

«ኸይረዲን» አለች ትዕግሥት።

ኸይረዲን ወረቀቱን ዘረጋው። የሚያምር እርሻ ነው፤ በመደዳ የተተከለው ግን ፋኖስ ነው። አንድ ገበሬ በማጭድ ፋኖስ ያጭዳል። ከሥሩ «ፎቶ፦ ኸይረዲን» ይላል። አንዱ ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ለዚህ ነው አንድ ወር የተሳቀብን» አለ ኸይረዲን። «በቃል ሲነገር አያስቅም ብዬሽ ነበር።»

«እንግዲህ» አለች ትዕግሥት ከጆንያ ወደ ጆንያ እየተራመደች፣ «ይህን ስህተት ይልማ ያውቀዋል፣ ሩዋይዳ ታውቀዋለች፣ ኸይረዲን ሥራውን ለቆበታል። ከነሱ አንዱ ጽሑፉን በዓይኑ ገርፎት ቢያልፍ እንኳ ይይዘው ነበር። ስለዚህ ጽሑፉን ያወጣው ሰው አላነበበውም።»

«ቸኩሎ ይሆናል» አለ ኮማንደሩ።

«የቸኮለ ሰው አንድ መስመር ያያል። ማየት የማይሆንለት ደግሞ ያዳምጣል፤ ማሽኑ ጮክ ብሎ ያነባል። ይኼኛው ሰው አላየም፣ አላዳመጠምም። ለምን አላዳመጠም? ስልክ ሊናገር የማይችልበት ቦታ ስለነበረ። በስምንት ከአሥር ዝንብ ሲበር ይሰማ የነበረው የት ነው?»

ኸይረዲን ቀስ ብሎ ዞረ፤ ወደ ወንበሩ አየ።

«ለቅሶ ድንኳኑ» አለ።

«ይልማ ያን ጊዜ ሞቷል። ስልኩ ግን ነጠላ ሥር ነበር፤ በኋላ ‹ከጆንያ ሥር› እስኪገኝ ድረስ። ማሽኑ የሚባለውን ሁሉ በጽሑፍ ያስቀምጣል። ይልማ ‹ጻፍ› ይለዋል። ሩዋይዳ ‹ጻፊልኝ› ትለዋለች። የመጨረሻው ትእዛዝ ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ከአርባ ነው፤ ሩዋይዳ ከአሥራ ስድስት ሰው ጋር ሚኒባስ ውስጥ ሳለች። እንዲህ ይላል። ‹እንደምን ዋሉ። ይልማ ነኝ ብለው ይጻፉልኝ። መጋዘን ነኝ። ሩዋይዳን እየጠበቅሁ ነው፤ ተቀያይመናል። ሙቀት ነው። ማሾው ከጎኔ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።› ኔትወርክ ስላልነበረ መልሱ የደረሰው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

ቆርቆሮው ተንቋቋ።

«በዚህ ከተማ ማሽን አንቱ የሚል አንድ ሰው ነው የማውቀው» አለች።

«እሳቸው እኮ ደራሲ ናቸው!» አለ ኮማንደሩ። «አላነበቡትም ትይኛለሽ?»

ትዕግሥት ከኪሷ ወረቀት አውጥታ ለጋሽ ደምሴ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «ጋሼ፣ እሑድ መድረክ ላይ የሚያነቡትን ወግ አሳትሜ አምጥቻለሁ። ላስቸግርዎ።»

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አደረጉት። ወረቀቱን ክንድ ያህል አርቀው ያዙት።

«‹ወንዝ ሲሞላ ድልድዩን አይጠይቅም፤ እኛ ግን ስንሻገር ወንዙን ረስተን ድልድዩን እናመሰግናለን። እኔ በልጅነቴ…›»

እስከ መጨረሻው ወረዱት። አንድ ቃል አልሳቱም። ሩዋይዳ ግን ሳይከለክሏት ተጠግታ ከትከሻቸው በላይ ወረቀቱን አይታ ነበር።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይኼ እኮ የሚኒባስ ታሪፍ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን አላስቀመጡትም። ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው። መልሰው ገለበጡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉት።

«ሃምሳ ዓመት ደበቅሁት» አሉ። «ጆንያዬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ስልኬ ላይ ሥዕል። ሚስቴ ሳታውቅ ሞተች። ይልማ ግን አወቀብኝ። ‹ለሰው እናገራለሁ ጋሼ፣ ያምራል› አለኝ። እሑድ ሊሸልሙኝ! እባክህ አልሁት። ‹ዝም ብለው ያያሉ› አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊጽፍ ጎንበስ አለ። ከዚያ… የሚዛኑ ድንጋይ እጄ ላይ ነበር።»

«እኔስ?» አለች ሩዋይዳ። «ስሜን ለምን አገቡ?»

«የምትመጪበትን ሰዓት ነግሮኝ ነበር» አሉ፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። ያ ብቻ ነበር መልሳቸው።

ትዕግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊታቸው ቆመች። «ሊጽፍ የነበረውን ጽፎት ነበር። ረቂቁ ስልኩ ውስጥ አለ። ያኔ የማሽኑን የማንበቢያ ቁልፍ ተጭነው ቢያዳምጡት ኖሮ እዚህ አንገናኝም ነበር።» አነበበች። «‹የዚህ ገጽ ዋናው ደራሲ ፊደል አይቆጥርም። ማሽኑ ያዋሳቸው ፊደሉን ብቻ ነው፤ ቃሉ የራሳቸው ነው። እኔ ከነፊደሌ የማልደርስበትን ጋሽ ደምሴ ያለ ፊደል ደርሰውበታል። እሑድ ስታጨበጭቡላቸው ይህን አውቃችሁ ደግማችሁ አጨብጭቡ።›»

የጋሽ ደምሴ ጣት ጉልበታቸው ላይ ፊደል የሚጽፍ ይመስል ይንቀሳቀሳል፤ ምንም ፊደል ግን አልነበረም። ኮማንደሩ ለፖሊሶቹ በዓይኑ ጠቀሰ። ሩዋይዳን ለቀው ወደ ወንበሩ ሄዱ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ «ሩዋይዳ። መኪናው ይጠብቀኝ። አንዴ ድገሚልኝ። አንቺ ስታነቢው የሱ ይመስላል።»

ሩዋይዳ ስልኩን ከትዕግሥት እጅ ተቀበለች። የስልኩን መስኮት አየች። ከዚያ ስልኩን በተቀደደው ጆንያ አፍ ላይ አቆመችው።

«እሳቸው ያንብቡልዎ» አለች፤ ቁልፉን ተጭና ወደ በሩ ሄደች።

ደስ የሚል የሴት ድምፅ መጋዘኑን ሞላው። ሩዋይዳ እሷን ሊወስድ በሩ ተከፍቶ ይጠብቅ የነበረውን መኪና አልፋ ፀሐዩ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ ማሽኑ «ዋናው ደራሲ» የሚለውን ሳያጠብቅ፣ ወንዝ እንደሚዋኝ ሰው አድርጎ አነበበው። ሩዋይዳ እርምጃዋን ገታች፤ ጣቷም ተነሣ።

ሳታርመው ሄደች።